ከጥምቀት ማግስት የጠፋ ቀለበት ፍለጋ
ደብረ ብርሃን ወይም አንኮበር ጥምቀተ ባሕር ላይ ቀለበት የጠፋበት ካለ፣ ከደብሩ አስፈቅዶ በብረት መፈለጊያ ማሽን ቶሎ ይሞክር። የደጋው አፈር ከጥቁር ድንጋይ የወጣ፣ ብረት የበዛበት ስለሆነ ማሽኑ በባዶ ይጮኻል። መጀመሪያ ምንም የብረት ዕቃ የሌለበት ቦታ ላይ የማሽኑን ክብ ሳህን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ድምፁ እኩል እስኪሆን አስተካክሉት። ከዚያ ከመሬቱ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል አስጠግታችሁ በዝግታ፣ ያለፈውን ግማሽ እየደረባችሁ ሂዱ። ማሽኑ በየቆርኪው እየጮኸ ያሰለቻል፤ ቢሆንም የማስቲካ ብርማ ወረቀት ድምፅን ማሽኑ እንዲዘል አታድርጉት። የቀጭን ወርቅ ቀለበት ድምፅ ከሱ ጋር ስለሚቀራረብ አብሮ ይታለፋል። ድምፅ ስታገኙ ሣሩን በሦስት ጎን ብቻ ቆርጣችሁ እንደ ክዳን ክፈቱ፤ ስትጨርሱ መልሳችሁ ርገጡት። ጥንታዊ የሚመስል ዕቃ ከወጣ ሳትነኩ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም፣ ጥይት ወይም ያልፈነዳ ነገር ከሆነ ደግሞ ርቃችሁ ለፖሊስ አሳውቁ።