የከተራ ዕለት አንድ ክፍል ለሁለት እንግዳ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ላለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ የክፍል መያዣ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ደኅና ሲሠራ ከርሞ የከተራ ዕለት ጉድ አፈላ። ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ፣ ሁለት እንግዶች በአንድ ክፍል ቁልፍ ይከራከሩ ነበር።

ችግር፦ ጥር 10 የተያዘ ክፍል ዳግመኛ ይሰጣል፤ ጥር 11 ግን አይሰጥም።

ወሩ ከላይ ተጣርቷል፤ ክፍል ለመስጠት የቀረው ሁኔታ ይህ ነው (&&ን «እና»፣ ||ን «ወይም» ብዬዋለሁ፤ == «እኩል ነው ወይ» ማለት ነው)፦

ቀን == 10 ወይም ቀን == 11 እና ክፍል_ባዶ

መነሻ፦ በልቤ «ከሁለቱ ቀን በአንዱ፣ ክፍሉም ባዶ ከሆነ» ማለቴ ነበር። የፕሮግራም ቋንቋዎቹ ሲ፣ ጃቫስክሪፕትም ሆነ ፓይተን ግን «እና»ን ከ«ወይም» ያስቀድማሉ፤ ማባዛት መደመርን እንደሚቀድመው። ስለዚህ «ክፍል_ባዶ» የተጣበቀው ከ11 ጋር ብቻ ነው። ቀኑ 10 ከሆነ ክፍሉ ባዶ ይሁን አይሁን የሚጠይቅ የለም። አስተናጋጅን «ሻይ ወይም ቡና እና ዳቦ» ብትሉት፣ ሻይ ላዘዘው ዳቦ ይምጣ አይምጣ ይጠይቃችኋል፤ ኮምፒውተር አይጠይቅም።

መፍትሄ፦ ቅንፍ።

(ቀን == 10 ወይም ቀን == 11) እና ክፍል_ባዶ

እኔ መጀመሪያ ያደረግሁት «ክፍል_ባዶ እና»ን ወደ ፊት ማምጣት ነበር። በሽታው ወደ ጥምቀት ዕለት ተዛወረ እንጂ አልዳነም።

ችግር፦ ጥር 25 ለመጣ እንግዳም የበዓል ዋጋ ይጠየቃል።

«ቀን == 10 ወይም 11» ብላችሁ ጽፋችኋል። ንጽጽሩ ይቀድማል፤ ብቻውን የቀረው 11 ደግሞ ዜሮ ስላልሆነ ሁልጊዜ እውነት ነው። እዚህ ቅንፍ አያድንም፦ «ቀን == (10 ወይም 11)» በፓይተንና በጃቫስክሪፕት 10ን ብቻ ይቀበላል፣ በሲ ደግሞ የባሰ ነው፤ «እውነት»ን 1 ስለሚለው ጥር 1ን ብቻ። «ቀን ==»ን ሁለት ጊዜ መጻፍ ግድ ነው።

ችግር፦ ከሲ ወደ ፓይተን የተገለበጠ መስመር መልሱን ይለውጣል።

«ምልክት & 4 == 4» በሲ «ምልክት & (4 == 4)» ነው። && ከመምጣቱ በፊት & የራሱንም (ሁለት ቁጥሮችን ቢት በቢት ማጣመር) የ«እና»ንም ሥራ ይሠራ ስለነበር ደረጃው ከ== በታች ቀረ። ፓይተን ግን &ን ያስቀድማል። «(ምልክት & 4) == 4» በሁለቱም ይሠራል።

ስትፈትሹ 10፣ 11 እና 12ን በባዶና በተያዘ ክፍል ሞክሩ፤ ስድስት ሙከራ ነው። የእኔ ስህተት «10፣ የተያዘ» ላይ ወዲያው ይታይ ነበር፤ እኔ ግን በባዶ ክፍል ብቻ ሞክሬ አስረከብሁ።