ኢ-ኢንክ ታብሌት ከመግዛታችሁ በፊት ኮፒ ቤት ግቡ

ኢ-ኢንክ ታብሌት እንደ ወረቀት የሚነበብ ስክሪን ያለው የንባብ ታብሌት ነው። የመጀመሪያዬ በእህቴ ሻንጣ ከአሜሪካ የመጣ ባለ 6 ኢንች ነበር። በዚያው ምሽት ስካን የተደረገ የአማርኛ መጽሐፍ ከፈትኩበት። ፊደሉ መድኃኒት ካርቶን ውስጥ ከምናገኘው ወረቀት ጽሑፍ ያነሰ ነበር። ሳጎላው መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ገጹን ግራና ቀኝ መጎተት ነው። በሰው እጅ የመጣ ዕቃ ደግሞ ልመልሰው ቢሉ አይመለስም። እናንተ ላይ እንዳይደርስ እኔ ዛሬ የማደርገውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. ምን እንደምታነቡ ጻፉ

ባለፈው ወር ያነበባችሁትን አስቡ። ልብ ወለድ ነው? የትምህርት ፒዲኤፍ ነው? ወይስ ቪዲዮና ፌስቡክ? የመጨረሻው ከሆነ ይህ ዕቃ ለእናንተ አይደለም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ስክሪኑ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳሉ። ዘገምተኛ ናቸው። ገጽ ስትቀይሩ ብልጭ ይላል፤ አንዳንዴ ያለፈው ገጽ ጥላ ይቀራል።

ጥቅሙም የሚመጣው ከዚያው ነው። ቅንጣቶቹ አንዴ ቦታቸውን ከያዙ ገጹን ለማቆየት ኃይል አይፈልጉም። ለንባብ ብቻ የተሠራ ከሆነ አንዴ ቻርጅ ተደርጎ ሳምንታት ይቆያል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጠራራ ፀሐይ ላይ ደግሞ ስልክ ሲጨልም እሱ እንደ ወረቀት ይነበባል።

2. ስክሪኑን በወረቀት ሞክሩት

ዋናው እዚህ ነው። የምታነቡትን ፒዲኤፍ በፍላሽ ይዛችሁ ኮፒ ቤት ሂዱ። ፊደሉ ደቀቅ ያለውን አንድ አራት ገጽ ምረጡና «በአንድ ወረቀት ላይ 2 ገጽ አድርገህ ፕሪንት አድርግልኝ» በሉት። ኤ4 ወረቀት ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ ግማሽ ከባለ 10.3 ኢንች ስክሪን ጋር ተቀራራቢ ነው። ከዚያ እነዚያኑ ገጾች በአንድ ወረቀት ላይ 4 አድርጎ ያውጣላችሁ። እሱ ደግሞ ወደ 7 ኢንች ይጠጋል። ባለ 6 ኢንች ከዚያም ያንሳል።

ወረቀቱን ይዛችሁ ቤት ግቡ። በምታነቡበት ሰዓት፣ በምታነቡበት አምፖል ሥር፣ ሃያ ደቂቃ አንብቡት። ቆማችሁ በጨረፍታ አትዩት፤ እኔን ያሳሳተኝ እሱ ነው፤ ስልክ ላይ ፎቶውን አይቼ «ይበቃኛል» ብዬ ወሰንኩ።

በተለይ የሚያደናግሩትን ፊደሎች ተመልከቱ። «ቁም»ን ከ«ቂም» የምትለየው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት። በ«ቁ» ላይ ከእግሩ መሃል ትወጣለች፣ በ«ቂ» ላይ ከእግሩ ግርጌ። ስካኑ ደብዘዝ ካለና ስክሪኑ ካነሰ ጭረቷ ትጠፋለች። አንባቢው ቃሉን ከዓረፍተ ነገሩ እየገመተ ይሄዳል፤ ዓይን የሚያደክመውም ይህ ነው። የእኛ ፊደል በጥቃቅን ምልክት ስለሚለያይ የስክሪን ጥራት ከላቲን ፊደል አንባቢ ይልቅ ለእኛ ያስፈልጋል። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ያለውን ብትመርጡ አይቆጫችሁም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የሌዘር ፕሪንተር ከስክሪኑ የጠራ ነው። ወረቀቱ ላይ ያስቸገራችሁ ገጽ ስክሪኑ ላይ ይብሳል። ስካኑ ሰፊ ነጭ ጠርዝ ካለው ግን ታብሌቱ ላይ ጠርዙን ቆርጦ ማጉላት ስለሚቻል ትንሽ ተስፋ አለ።

ቀለም ያላቸውን በተመለከተ፣ እኔ አልመክርም። ካሌይዶ 3 የሚባለው ስክሪን በጥቁርና ነጭ 300 ነጥብ ቢሆንም በቀለም 150 ነው። ከቀለሙ ማጣሪያ የተነሳም መደቡ ግራጫ ይላል። ካርታና ሥዕል የሚበዛበት ነገር ካላነበባችሁ ይቅርባችሁ።

3. ፎንቱን አዘጋጁ

ይህ ለኢፐብ ፋይል፣ ማለትም ጽሑፉ ከስክሪኑ ልክ ጋር ለሚስተካከል የመጽሐፍ ፋይል ብቻ ነው፤ ፒዲኤፍን አይነካም። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለውን ነፃ ፎንት አውርዱ። ኪንድልም ሆነ ኮቦ የሚባለው የንባብ ታብሌት በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ «ፎንትስ» የሚል ፎልደር ውስጥ ትጨምሩታላችሁ። ፒዲኤፉን ወደ ኢፐብ ልቀይረው ካላችሁ መጀመሪያ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ለጥፉ። የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ከወጣ ፋይሉ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ባልሆነ የድሮ ፎንት የተጻፈ ነው። አትልፉበት፤ እንዳለ አንብቡት።

4. ሲስተም፣ ብርሃን፣ ብዕር

የአማርኛ መጻሕፍት የሚደርሷችሁ በቴሌግራም ከሆነ እንደ ቡክስ (Boox) ያለ በአንድሮይድ የሚሠራ ታብሌት ይቀላችኋል። ባትሪው ግን በሳምንት ሳይሆን በቀን ይቆጠራል። ቴሌግራሙም ከመጽሐፉ ያናጥባችኋል፤ እኔ መጽሐፉን ካወረድኩ በኋላ ዋይፋዩን አጠፋለሁ።

የራሱ ብርሃን እንዳለው አረጋግጡ። ሪማርከብል 2 የሚባለው ታብሌት ለምሳሌ የለውም። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ሙሉ ሆኖ እናንተ ጨለማ ውስጥ ትቀመጣላችሁ።

በብዕር ከጻፋችሁ አማርኛ እንደልብ ይጻፋል፤ የእጅ ጽሑፍን ወደ ታይፕ የሚቀይረው አገልግሎት ግን የቋንቋ ዝርዝር አለው። አማርኛ መኖሩን ሳታዩ በእሱ ተስፋ አትግዙ። የብዕሩ ጫፍ ያልቃል፤ መለዋወጫ አብራችሁ አስመጡ።

5. ሽፋን

ሁለተኛዬን፣ ባለ 10.3 ኢንቹን፣ በስስ የጨርቅ ከረጢት ይዤ ሚኒባስ ገባሁ። ከኋላ ወንበር አራት ሆነን ተጠጋግተን ተቀምጠን ነበር። ቤት ደርሼ ስከፍተው ላዩ ደህና ነው፤ የስክሪኑ አንድ ጥግ ግን በጥቁር መስመሮች ተሞልቶ ቀርቷል። ከላይ ያለው ሳይሆን ከሥር ያለው ስስ መስታወት ነው የተሰነጠቀው። የሚቀይርልኝ ሰው ፈልጌ አጣሁ።

ጠንካራ ሽፋን ግዙ። ቦርሳ ውስጥ ስክሪኑን ወደ ጀርባችሁ አድርጉት፣ ምሳ ዕቃና ቻርጀር ከፊቱ አታስቀምጡ። ሽፋኑንም በኋላ እገዛለሁ አትበሉ፤ ለልኩ የተሠራው እዚህ ላይገኝ ስለሚችል ከታብሌቱ ጋር በአንድ ሻንጣ ይምጣ።