ሥራ የሚያውቅ ግን የሚዘገይ አዲስ ቴክኒሻንን እንዴት ማፍጠን ይቻላል?

ጎንደርና አካባቢዋ ሶላር ስገጥምና ስጠግን ብዙ ዓመት ሆነኝ። አዘዞ፣ ማራኪ፣ ወደ ታች ደንቢያ፣ ወደ ላይ ወገራና ደባርቅ ስመላለስ ከጎኔ ቆመው ሥራ የለመዱ ልጆች አሉ። ከሁሉም ያስቸገረኝ ሰነፉ አይደለም። ሰነፍ በሳምንቱ ይታወቃል። ያስቸገረኝ ሥራውን የሚያውቀው ነው። የገጠመው አይበላሽም፣ የነካው አይቃጠልም፣ ግን አንድ ቤት ገብቶ ግማሽ ቀን ይውላል።

እንዲህ ያለ ልጅ ካላችሁ አታሰናብቱት። ማፍጠን ይቻላል። «ፍጠን» በማለት ግን አይሆንም። ለምን እንደማይሆን ከፍዬ ስለተማርኩት ከዚያ ልጀምር።

አትጩኹበት

አንድ ቀን ከመሸ አንድ ቤት ነበርን። የመጨረሻዋ ሚኒባስ ልታመልጠን ነው። ልጁ ሽቦ በሽቦ እያየ ያስራል። እኔ ከኋላው ቆሜ «በል ቶሎ፣ በል ቶሎ» እለዋለሁ። ተደናገጠና ባትሪውን ሳያስር የፓኔሉን ሽቦ ኮንትሮለሩ ላይ፣ ማለት ከፓኔል ወደ ባትሪ የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው ዕቃ ላይ፣ አሰረ። ኮንትሮለሩ ተቃጠለ። ብዙዎቹ ኮንትሮለሮች መጀመሪያ ባትሪ፣ ቀጥሎ ፓኔል ነው የሚፈልጉት። ሲፈታ ደግሞ በተቃራኒው ፓኔሉ ይቀድማል። ልጁ ይህን ከእኔ እኩል ያውቀዋል። ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ ዕቃውንም የተካሁት ከኪሴ ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ ለሁለት ወር ያህል ከበፊቱም ብሶ ዘገየ። እያንዳንዱን ሽቦ አራት ጊዜ ማየት ጀመረ። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ሰዓቱ የት እንደሚሄድ ጻፉ

አንድ ቀን አብራችሁት ሂዱ። ደብተር ያዙ። ከመሄዳችሁ በፊት «ዛሬ የምጽፈው ሰዓቱን ነው፣ አንተን ልገመግም አይደለም» በሉት፣ ያለዚያ ሲፈራ ይውላል። ከዚያ ጥግ ይዛችሁ ተቀመጡ፣ በሥራው አትግቡበት። እኔ ይህን ለመቻል እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነው የተቀመጥኩት።

አዘዞ አንድ ቤት «መብራቱ ማታ ይጠፋል» ተብሎ ሄድን። 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ፈጀ። ደብተሬ ላይ የተጻፈው ይህ ነበር። ወሬና ቡና 35 ደቂቃ። ዕቃ ፍለጋና የጎደለ ለመግዛት ሱቅ መውጣት 50። ጣሪያ መውጣትና መውረድ፣ ሁለት ጊዜ፣ 40። የለካውን እንደገና መለካት 30። መፍታት፣ መግጠምና ማሰር 45።

የመጨረሻውን ቁጥር እዩት። እጁ የሠራው 45 ደቂቃ ብቻ ነው። እኔም ብሆን ከዚያ ባነሰ አልጨርሰውም። የልጁ እጅ ፈጣን ነበር፣ እኔ ግን ስጮኽ የኖርኩት በእጁ ላይ ነው።

ቦርሳው ማታ ይዘጋጅ

ይህ ቀላሉ ነው። በክዳኑ ውስጥ ዝርዝር ይለጠፍ፣ ማታ እየታየ ይሞላ። የተለያየ ልክ ፊውዝ፣ ናስትሮ፣ ብሎን፣ ፊሸር፣ ትርፍ ገመድ። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ ደርሶ አንድ ፊውዝ ቢጎድል ቀኑ ሄደ ማለት ነው።

ስለ መሣሪያ የራሴን ልናገር። ቴስተሩ፣ የቮልት መለኪያው፣ ውድ መሆን የለበትም፣ የመለኪያ ሽቦዎቹ ግን ጥሩ ይሁኑ። ውስጡ የተበጠሰ ሽቦ አንዴ 12 ቮልት፣ አንዴ ዜሮ እያሳየ ጥንቁቅ ልጅን ግራ ያጋባል፣ ከዚያ ደጋግሞ ቢለካ ማን ይፈርድበታል? በባትሪ የሚሠራ ድሪል ግዙለት፣ የምንሄድበት ቤት መብራት የጠፋበት ነውና። ሽቦ በቢላ መላጥ ግን አልወድም። ክሮቹን ይቆርጣል፣ በዓመቱ እዚያው ጋ ይግላል። መላጫው ርካሽ ነው።

ብልሽቱን ከመሃል ጀምሮ እንዲፈልግ አስተምሩት

ብዙ ሰዓት የሚተርፈው እዚህ ላይ ነው፣ እኔም ዘግይቼ የተማርኩት ይህንን ነው።

ጠንቃቃ ልጅ ከጫፍ ይጀምራል። ትምህርት ቤት የሣሉለት ሥዕል ከፓኔል ስለሚጀምር እሱም መሰላል አቁሞ ጣሪያ ይወጣል። ፓኔሉን ያያል፣ ማሰሪያውን ያያል፣ ይወርዳል፣ ገመዱን ይከተላል። ሥራው ትክክል ነው። ግን ብልሽቱ ያለው ኢንቨርተሩ ጋ፣ የባትሪውን ኃይል ለቤት መብራት የሚቀይረው ዕቃ ጋ፣ ከሆነ እስኪደርስበት ፀሐይ ትገባለች።

መስመሩን በወረቀት ሣሉለት። ፓኔል፣ ገመድ፣ ኮንትሮለር፣ ባትሪ፣ ፊውዝ፣ ኢንቨርተር፣ አምፖል። ከዚያ ጣታችሁን ባትሪው ላይ አድርጉና «መጀመሪያ እዚህ ለካ» በሉት። በአንድ ልኬት መስመሩ ለሁለት ይከፈላል፣ ግማሹ ከጥርጣሬ ይወጣል። የምላችሁ ቁጥር ለ12 ቮልት የአሲድና የጄል ባትሪ ነው፣ የሊቲየም ይለያል።

ቀን፣ ፀሐይ ባለበት ሰዓት፣ ባትሪው ላይ 13 ተኩልና ከዚያ በላይ ካነበበ ኃይል እየገባ ነው። ጣሪያ መውጣት አያስፈልገውም። ብልሽቱ ከባትሪው ወደ አምፖሉ ባለው በኩል ነው፣ ወይም ባትሪው ራሱ ነው። አምፖሎቹን ያብራና ቁጥሩን ይይ። ቶሎ ተንሸራቶ ከወረደ ባትሪው አልቆበታል። ካልወረደ ፊውዝና ኢንቨርተር ይቀራሉ።

በቀትር 11.8 ወይም 12 ላይ ተኝቶ ካገኘው ደግሞ ኃይል አልገባም ማለት ነው። አሁን ወደ ኮንትሮለሩ ይሂድ። የፓኔሉን ሽቦ ከኮንትሮለሩ ነቅሎ ጫፉን ይለካ። መንቀሉን አደራ። በተለመዱት ርካሽ ኮንትሮለሮች ሳይነቅል ከለካ የሚያነበው ወደ ባትሪው ቮልት የተጠጋ ቁጥር ነው፣ «ፓኔሉ ሞቷል» ብሎ ደህናውን ፓኔል ይወቅሳል። ነቅሎ 20 ወይም 21 ቮልት ካገኘ ፓኔሉም ገመዱም ከሞላ ጎደል ደህና ናቸው፣ ኮንትሮለሩንና ማሰሪያዎቹን ይጠርጥር። ዜሮ ካገኘ፣ ያኔ ብቻ መሰላሉን ያቁም። ሲወጣ እርጥብ ጨርቅ ይያዝ። በበጋ የደንቢያ አቧራ ፓኔሉ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ነው የሚነጠፈው፣ ከወጣ አይቀር ጠርጎት ይውረድ።

ይህን አንድ ጊዜ ነግራችሁት አይለምደውም። እኔ ሱቅ ውስጥ መስመሩን ዘርግቼ በድብቅ እያበላሸሁ አሠራሁት። አንድ ቀን ፊውዝ አወጣለሁ፣ ሌላ ቀን ገመድ ውስጡን እቆርጣለሁ። ሕጉ አንድ ነበር፤ ከመለካቱ በፊት «እዚህ ስለካ 13 ካየሁ ወደዚያ፣ 12 ካየሁ ወደዚህ እሄዳለሁ» ብሎ ጮክ ብሎ መናገር አለበት። መጀመሪያ ላይ አፈረ። ከአሥር ጊዜ በኋላ ሳይናገር መለካት አቃተው። ደጋግሞ መለካቱም በዚያው ቀረ። ለካስ የሚደጋግመው ቁጥሩን ስለማያምን አልነበረም። ካነበበ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ስላልቆረጠ ነው።

አንድ ነገር ግን አታስቀሩበት። ሥራው ሲያልቅ ሁሉንም ማሰሪያ በካቻቪቴ አንድ ጊዜ ይንካ። ጥንቃቄው የልጁ ትልቁ ሀብት ነው። በየደረጃው የሚበተነውን ወደ መጨረሻው ሰብስቡለት።

የሚወስነውን ለይታችሁ ስጡት

የእኔ ልጅ ለሁሉም ነገር ይደውል ነበር። «ጋሼ፣ ይህን ገመድ ልቀይረው?» ኔትወርክ ከሌለ ኮረብታ ይወጣል። ስለዚህ ተነጋገርን። ፊውዝ፣ ገመድ፣ ማሰሪያና ሶኬት በራሱ ይቀይራል፣ ተሳስቶ ቢገኝም አልቆጣም። ባትሪ፣ ኢንቨርተርና ኮንትሮለር ከሆነ ይደውላል። አልቆጣም ያልኩትን መጠበቅ ነበረብኝ። አንድ ጊዜ ደህና ገመድ ቀየረ፣ ዝም አልኩ። ያን ቀን ባልታገሥ ኖሮ ስልኩ ዛሬም ሲጮኽ ይውል ነበር።

ከመፍታቱ በፊት ደግሞ በስልኩ ፎቶ ያንሳ። የትኛው ሽቦ የት እንደነበር ለማስታወስ የሚያጠፋው ጊዜ በዚያው ይቀራል።

የቡናው ነገር

እኛ አገር ሰው ቤት ሥራ ሠርቶ ቡና ሳይጠጡ መውጣት ነውር ነው። ነውር መሆኑም ደስ ይለኛል። ልጁ ግን ገና ሲገባ ይቀመጥ ነበር፣ ከተቀመጠ ደግሞ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይል መነሳት ያፍራል። መጀመሪያ «እምቢ በል» ብዬው ተሳሳትኩ። ባለቤቶቹ ቅር አላቸው።

አሁን የምንለው ይህ ነው። በር ላይ፣ ሰላምታ ሲያልቅ፣ ቡናው ሳይቆላ፣ «እማማ፣ መጀመሪያ መብራቱን እናብራ፣ ከዚያ በብርሃኑ እንጠጣለን።» «በል እሺ፣ ወንድምዓለም» ያልተባልንበት ቤት የለም። ቡናው ከተቆላ በኋላ ግን ይህ ንግግር አይሠራም፣ ያኔ መቀመጥ ነው።

ይህ ሌላም ጥቅም አለው። የተጠገነ መስመር ለጥቂት ጊዜ ጭነት ይዞ መታየት አለበት። ልጁ አምፖሉን ሁሉ አብርቶ፣ ቴስተሩን ባትሪው ላይ እንደተሰካ ትቶ ይቀመጣል። ከአቦል እስከ በረካ ቁጥሩ ካልተንሸራተተ ቦርሳውን ይዘጋል።

ከወር በኋላ ደብተሩን ይዛችሁ ተመለሱ

ተመሳሳይ ዓይነት ብልሽት ምረጡ። አዲስ ገጠማን ከጥገና ጋር አታወዳድሩ። ቁጥሩንም ለእሱ ብቻ አሳዩት፣ በሌሎቹ ፊት አታንብቡት።

እኛ ቆላ ድባ ሄድን። 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። እጁ የሠራው ያው 45 ደቂቃ አካባቢ ነበር። ጣሪያ አልወጣም። ቀሪውን ደብተሩ ላይ ስናይ አሁንም 20 ደቂቃ ያህል ቦርሳ ውስጥ ሲፈልግ ነበር። ፊውዞቹን ሁሉ አንድ ፌስታል ውስጥ ከትቷቸዋል። በማግስቱ ቅዳሜ ገበያ ሄደን ክፍልፍል ያለው ሣጥን ገዛን።