የእናታችሁን የሕይወት ታሪክ እሷ እያለች ጻፉት

አያቴ ያረፈች ሌሊት አራት ሆነን ጠረጴዛ ከበን ተቀምጠናል። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ መጻፍ አለብን። ካህኑ ደውለው መጀመሪያ የጠየቁን የክርስትና ስሟን ነው፤ ፍትሐት የሚደረገው በእሱ ነዋ። አንዳችንም አላወቅነውም። በእጇ ያደግን ሰዎች! አገር ቤት ነግቶ ስለነበር ተደውሎ ከታናሽ እህቷ ተገኘ።

የጻፍነው ወረቀት «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ» ብሎ ጀምሮ «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ እንግዳ ተቀባይ እናት ነበሩ» ብሎ አለቀ። ውሸት የለበትም። ግን ስሙን ብትቀይሩት የማንም እናት ታሪክ ይሆናል። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እናታችሁ ወይም አያታችሁ ከኢትዮጵያ ወጥታ፣ በሰው አገር ልጅ አሳድጋ፣ ዛሬም በሕይወት ካለች ይሄን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

ከስም ጀምሩ። የክርስትና ስሟን፣ የቤት ስሟን፣ የአባቷንና የአያቷን ስም፣ ከቻለችም ከዚያ በላይ ያሉትን ቆጥራ ትንገራችሁ። ከዚያ ወረቀቶቿን አውጡና ስሟ በፓስፖርቱ፣ በስደተኛ ወረቀቱ፣ በዜግነቱ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ፊደል በፊደል ገልብጡ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። እናት፣ አባትና ልጅ ሦስት የተለያየ «የመጨረሻ ስም» ይዘው ነው የሚኖሩት፤ በዚያ ላይ የአንዷ እህት ስም በአንድ ፊደል፣ የሌላዋ በሁለት ፊደል ተጽፏል። ነገ የልጅ ልጅ ልጅ ሲፈልጋት በምን ያገኛታል?

ቀጥሎ ዓመተ ምሕረት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። «በስንት ዓመተ ምሕረት አገባሽ?» አትበሏት። «ምኑን አውቄው» ትላችኋለች፣ በዚያው ያልቃል። የሰነዱም ቀን አያስተማምንም፤ የልደት ቀናቸው ሳይታወቅ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተሞላላቸው እናቶች ብዙ ናቸው። እሷ የምትቆጥረው በሆነው ነገር ነው። ስለዚህ በእሱ ጠይቋት። የጃንሆይ ኢዮቤልዩ ሲከበር (1948) ትምህርት ቤት ገብተሽ ነበር? የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ (1953) የት ነበርሽ? መሬት ላራሹ ሲታወጅ (1967) አግብተሽ ነበር? በ77ቱ ድርቅስ? ደርግ ሲወድቅ የመጨረሻው ልጅሽ ጡት ጥሎ ነበር? እንደዚህ ስትጠይቋት ፊቷ ይበራል። ወሩንና ቀኑን ደግሞ በታቦት ነው የምትነግራችሁ። «አባትሽ የተወለደው በኅዳር ሚካኤል ነው» ካለች ኅዳር 12 ማለቷ ነው። የጥቅምት ጊዮርጊስ ማግስት ካለች ጥቅምት 24።

ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስትቀይሩ ሁሉም ላይ 8 አትደምሩ። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ልዩነቱ 7 ነው፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይሆናል። ኅዳር 12 ቀን 1953 የፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ቀን 1960 ነው። ግንቦት 20 ቀን 1983 ደግሞ ሜይ 28 ቀን 1991። አሜሪካ የገባችበት ዓመት ከጠፋባችሁ መንገዷን ጠይቁ። በዲቪ ከሆነ የመጀመሪያው ዲቪ የ1995 (እ.ኤ.አ.) ስለሆነ ከዚያ ብዙም ወደ ኋላ አትሄዱም። በሱዳን ተጉዘው በስደተኝነት የገቡት ግን አብዛኞቹ የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በ1980 (እ.ኤ.አ.) ከወጣ በኋላ ነው የመጡት።

ቀረጻው ቀላል ነው። ስልኩን በአውሮፕላን ሞድ አድርጉ፤ መሐል ላይ ስልክ ከተደወለ ቀረጻው ሊቋረጥ ይችላል። ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ አድርጉ፣ ቲቪውን አጥፉ። ስትቀርጿት ንገሯት፣ ደብቃችሁ አትቅረጹ። ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ «ታሪክሽን ንገሪኝ» ካላችኋት «እኔ ምን ታሪክ አለኝ» ነው የምትለው። ቡና ስታፈላ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ እጇ ሥራ ሲይዝ ግን አፏ ይፈታል። ፋይሉን በቀኑና በጉዳዩ ሰይሙት፣ ሁለት ቦታም አስቀምጡት።

ስለ ስደቱ ስትጠይቁ ትንንሹን ነገር ጠይቁ። «ምን ይዘሽ ወጣሽ?» በሏት። አያቴ ከልብስ ሌላ ይዛ የወጣችው በነጠላ የተጠቀለለ አንድ መዝሙረ ዳዊት ነበር። ዕቃዋን ስናነሳ አገኘነው። የገጾቹ ጠርዝ አውራ ጣቷ ባረፈበት በኩል ጠቁሯል። መጨረሻ ላይ ባለው ባዶ ገጽ የልጆቿ ሁሉ ልደት ተጽፏል፤ የመጀመሪያዎቹ በጥቁር ቀለም፣ የመጨረሻዎቹ በሰማያዊ እስክሪብቶ። ከሁለቱ ስሞች ጎን መስቀል አለ። ሁለት ልጆች እንደቀበረች እኔ ያወቅኩት ከዚያ ገጽ ነው። እኛ ያን ሌሊት ስንደነባበርባቸው የነበሩት ቀኖች በሙሉ ትራሷ አጠገብ ነበሩ። እባካችሁ የጸሎት መጽሐፏን እሷው ራሷ እያገላበጠች ታሳያችሁ። ፎቶዎቹንም አብራችሁ እዩና የሰዎቹን ስም ከጀርባው በእርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ።

«እሱን ተወው» ካለች ተዉት። እስር ቤት፣ የበረሃው መንገድ፣ የሞተ ልጅ... አንዳንዱ ነገር የሚወጣው በራሱ ጊዜ ነው። ከነገረቻችሁም ሰው ፊት ይነበብ ወይስ ለቤተሰብ ብቻ ይቅር ብላችሁ ጠይቋት።

ስለ እምነቷ ስትጽፉ «መንፈሳዊ እናት ነበሩ» ብላችሁ አትለፉት። በስንት ሰዓት ነው የምትነሳው? የማንን ዝክር ነው የምትዘክረው? ከሁሉ በላይ ደግሞ ጠዋት ስም እየጠራች የምትጸልይላቸውን ሰዎች በቅደም ተከተል ጻፉ። የቤተሰቡ ትክክለኛ መዝገብ እሱ ነው። እናቴን ስጠይቃት እኛን በዕድሜያችን ቅደም ተከተል ጠራችን፤ ከእኛ ቀጥሎ የመጣችው ካርቱም ላይ አንድ ክፍል አብራት የተከራየች ሴት ናት። አርባ ዓመት ሙሉ ስሟን ስትጠራ ኖራለች፣ እኛ ግን ሰምተናት አናውቅም።

ሁሉን ከሰበሰባችሁ በኋላ ከሁለት ገጽ ባልበለጠ ጻፉት። ቅጽሉን ቀንሱና ያደረገችውን ጻፉ። ከዚያ ለእሷው አንብቡላት። እኔ ለእናቴ ሳነብላት ሦስተኛው መስመር ላይ እጇን አንስታ አስቆመችኝ። «ኅዳር አይደለም እኮ ልጄ፣ ጥቅምት ነው። እኔ ስወጣ ገብሱ ገና አልታጨደም ነበር» አለችኝ። ስልኩን መልሼ ፎጣው ላይ አስቀመጥኩት።