ሱቅህም ቤትህም እንዳይፈርስ፦ የሰፈር ባለሱቅ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሱቅ የከፈተ ሰው ዘመድ ይበዛለታል። ትናንት ሰላም የማይልህ ሰው ዛሬ በቁልምጫ ይጠራሃል፣ የአክስትህ ልጅም ድንገት ትናፍቀዋለህ። የራስህን ልጅ ደግሞ ተኝቶ ጥለኸው ትወጣለህ፣ ተኝቶ ታገኘዋለህ። የሰፈር ሱቅ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 3፣ አንዳንዴም እስከ 4 ሰዓት ክፍት ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ። እኔ በዙሪያዬ እንዳየሁት ባለሱቅን የሚጥለው የሱቁና የቤቱ ነገር መደበላለቅ ነው። የቱ ብር የማን እንደሆነ፣ የቱ ሰዓት የማን እንደሆነ አይታወቅም። (አንተ እያልኩ የምጽፈው እንዲቀለኝ ነው። አንቺም ብትሆኚ ያው ነው፣ እንዲያውም ላንቺ ማታ ገብቶ ወጥ መሥራቱም ይጨመርበታል።)

መሳቢያውን እንደ ኪስ ማየት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ልጅህ ከቤት ትላካለች፣ «እማዬ ስኳር አልቋል ብላለች»። አንድ ኪሎ መዝነህ ትሰጣታለህ። ማታ ስትገባ ዳቦና ሳሙና ይዘህ ነው። ጓደኛህ ሲመጣ ለስላሳ ትከፍትለታለህ፣ ለታክሲ ብለህ ከመሳቢያው 50 ብር ታወጣለህ። አንዱም አይጻፍም። ለምን ሲባል «የራሴ አይደል እንዴ?»

የራስህ ነው፣ ግን እስቲ አስላው። በቀን የ150 ብር እቃ እንዲህ ቢወጣ በወር 4,500፣ በዓመት 54,000 ብር ነው። ዓመቱ ሲያልቅ «ይሄ ሱቅ አያዋጣም» ትላለህ። ሱቁማ አዋጥቶ ነበር፣ ተበልቶ ነው።

ለራስህ ደሞዝ ቁረጥ። ትንሽም ትሁን፣ ቀኗ ትታወቅ። ከሱቁ የሚወጣ እቃ ሁሉ በደብተር ላይ «ቤት» ተብሎ ይጻፍና በወሩ መጨረሻ ከደሞዝህ ይቀነስ። ሚስትህም እንደ ማንኛውም ደንበኛ ትጻፋለች ማለት ነው። መጀመሪያ ትስቅብሃለች፣ ትንሽም ትቀየም ይሆናል። አንድ ሁለት ወር ሲያልፍ ግን ዘይቱ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ከአንተ በላይ የምትቆጣጠረው እሷ ትሆናለች።

በይሉኝታ ዱቤ መስጠት

«ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይመለሱ» የምትለዋን ወረቀት ታውቃታለህ። የለጠፋት ሰውዬ ራሱ አያምንባትም። ዱቤ የማይሰጥ የሰፈር ሱቅ የት አለ? ደሞዝተኛው ወሩ ሲጋመስ እጁ ያጥረዋል፣ አንተ ካልሰጠኸው ማን ይሰጠዋል። ችግሩ ለማታውቀው ሰው ጎበዝ ሆነህ ለምትቀርበው ሰው ልክ አለማበጀትህ ነው። አብሮ አደግህ ሲመጣ እንኳን ልክ ልታበጅ ይቅርና ፊቱ ደብተሩን ማውጣት ራሱ ያሳፍርሃል።

ከዚያ ምን ይሆናል መሰለህ? ዕዳው 3,000 ብር ሲደርስ ጓደኛህ መንገድ ይቀይራል። እጁ ላይ ጥሬ ብር ሲገባ ከማዶው ሱቅ ይገዛል፣ አንተ ጋ ከመጣ የድሮው ይነሳላ። ፌስታሉን በዚያኛው እጁ ይዞ፣ ስልክ የሚያወራ መስሎ ሲያልፍ ባንኮኒው ላይ ተደግፈህ ታየዋለህ። አንተም እንዳላየ ትሆናለህ። ብሩ ሄደ፣ ደንበኛው ሄደ፣ ቅዳሜ አብሮህ ኳስ የሚያይ ሰውም ሄደ።

ልክ የሚበጀው በመጀመሪያው ቀን ነው፣ ማንም የማንም ዕዳ ሳይኖርበት። «ላንተ እስከ 1,000 ብር፣ ደሞዝ ስትቀበል እንዘጋለን» በለው፣ እሱ እያየም ጻፈው። በዚያ ቀን ይሄን መስማት ማንንም አያስቀይምም። ሥራ ያጣ ወይም የታመመበት ሰው ከመጣ ደግሞ በደብተር አታስረው። አምስት ኪሎ ዱቄት ስጠው፣ ስጦታ ነው በለው፣ ከራስህ ደሞዝ ቀንሰው። እንደማይከፍል እያወቅህ ዱቤ ብለህ መጻፍ ለሱም ሸክም ነው፣ ለአንተም የማይመጣ ብር መቁጠር ነው።

የዘመድ ልጅን ያለ ደሞዝ ማሠራት

ክረምት ላይ ከገጠር ይመጣል። «አንተ ጋ ይሁን፣ ሥራም ይልመድ፣ ማታ ማታም ይማር» ይባላል። ደሞዙስ ስትል «ምን ደሞዝ፣ ልጅህ አይደል እንዴ!» የሁሉም ሰው ደስታ። ልጁ ባንኮኒው ስር የተጠቀለለች ፍራሹን ማታ ዘርግቶ እዚያው ሱቁ ውስጥ ያድራል። ትምህርቱ «በሚቀጥለው ሴሚስተር» ይባልና ይረሳል።

ዓመት ሲሞላው ልጁ ስልክ ገዝቶ ትደርስበታለህ። «ከየት አመጣህ?» ጭቅጭቅ ይነሳል፣ ልጁ ይባረራል፣ እህትህ ለበዓል እንኳን መደወል ታቆማለች። ወሰደ እንዴ? ምናልባት ወስዷል። ግን ስንት እንደሚገባው ማንም ስላልነገረው የራሱን ሂሳብ ራሱ ሠርቷል።

ዘመድም ቢሆን ደሞዙን ቤተሰቡ ባለበት ተነጋገሩበት፣ የሚያርፍበትን ቀንም እንዲሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) መደበኛ የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ይገድባል፣ በሳምንትም የ24 ሰዓት ዕረፍት ያዛል፣ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ ጭራሽ አይቀጠርም። ሱቁ ክፍት የሚሆንበት ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 3 ያለው ግን 15 ሰዓት ነው። «የኛ ሱቅ ትንሽ ናት፣ ሕጉ ለፋብሪካ ነው» የሚል ባለሱቅ አጋጥሞኛል። ልጁ ግን ያው ልጅ ነው፣ ድካሙም ያው ድካም ነው።

የተሸጠውን ሁሉ ትርፍ ማለት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ባንክ ላይ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዘይቱን በድሮው ዋጋ ሸጦ «ዛሬማ ገበያ ደራ» ያለ ሰው ሊተካው መርካቶ ሲወርድ በያዘው ብር ያንኑ ያህል ካርቶን አላገኘም። ሸጦ ከሰረ ማለት ነው።

ይሄ ከቤተሰብ ጋር ምን አገናኘው? ያገናኘዋል። ሐምሌ ላይ ግብር አለ፣ ክረምቱ ሲወጣ የትምህርት ቤት ክፍያና ዩኒፎርም፣ መሃል ላይ እንቁጣጣሽ። መሳቢያው ሙሉ ሲመስልህ የምትከፍለው ከዚያው ነው፣ ስለዚህ መስከረም ላይ መደርደሪያው ይሳሳል። መተኪያውን ብር ማታውኑ ለይና አስቀምጥ። የትምህርት ቤቱን ከመጋቢት ጀምረህ በእቁብ ያዘው፣ ግን እጣው ሲደርስህ ለሰርግ ድግስ እንዳታውለው አደራ።

የበዓል ዋዜማ ቶሎ እገባለሁ ማለት

አትገባም። ዋዜማ የዓመቱ ገበያ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ኮረሪማ የረሳች ሴትዮ ትመጣለች፣ እሷን ስትሸኝ ክብሪት የሚፈልግ ይመጣል። ዋዜማ መሥራትህ ጥፋት አይደለም፣ «11 ሰዓት ላይ መጥቼ ዶሮውን እኔ አርዳለሁ» ብለህ ቤት ሰው ማስጠበቅህ ነው ጥፋቱ። ዶሮው ታስሮ፣ ሽንኩርቱ ተቁላልቶ፣ ሰው ሁሉ በር በር እያየ።

ከሳምንት በፊት ቁርጡን ተናገር። ዋዜማ የሱቁ ነው፣ የበዓሉ ቀን ሙሉውን የቤት። የፋሲካ ዕለት ከፍቶ የሚውል ባለሱቅ ስንት ይሸጣል ብለህ ነው? አብዛኛው ሰው የሚመጣው የረሳትን አንዲት ነገር ፍለጋ ነው። ለዚያ ደግሞ መላ አለ። ጎረቤትህ ሙስሊም ከሆነ በፋሲካ እሱ ይከፍታል፣ በኢድ አንተ ትከፍታለህ፣ ደንበኛም አይጉላላም። ብዙ ሰፈር ሳይነጋገሩበት እንዲህ ነው የሚሠራው፣ እናንተ ግን ተነጋገሩበት።

ለቅሶን በቴሌብር መድረስ

ይሄ አዲስ በሽታ ነው። ሰው ይሞታል፣ ባለሱቁ 500 ብር ይልክና «ሱቅ ጥዬ መምጣት አቅቶኝ ነው» ይላል። እድሩ ቀሪ ብሎ ይቀጣሃል፣ ቅጣቱን ትከፍላለህ፣ አለቀ ትላለህ። አላለቀም። ድንኳን ውስጥ ያልተቀመጠ ሰው ስሙ ይነሳል።

ለሁለት ሰዓት ዝጋ። ካርቶን ቀደህ «ለቅሶ ሄጃለሁ፣ 9 ሰዓት እመጣለሁ» ብለህ በሩ ላይ አንጠልጥል። በዚህ የተቀየመ ደንበኛ አላየሁም፣ ግማሹን እዚያው ድንኳን ታገኘዋለህ። ክርስትና፣ ልደት፣ ምርቃት ግን ሁሉም ጋ አይደረስም። የቅርቡን ሂድ፣ ለሌላው ደውል። ለሁሉም «እመጣለሁ» እያሉ መቅረት ነው ሰው የሚያስቀይመው።

አንድ ስልክ ለሱቅም ለቤትም

ራት ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል መልእክት ይመጣል፣ ታያለህ። አከፋፋዩ ይደውላል፣ ታነሳለህ። ልጅህ ስለ ፈተናዋ እያወራች ነበር። ለሱቁ ሌላ ሲም ያለበት ርካሽ ስልክ ግዛ፣ የሱቁ ብር በሱ ይግባ፣ ማታ እዚያው ተቆልፎበት ይደር። የቀኑንም ሂሳብ ሱቅ ሳለህ ዝጋው፣ የቤቱ ጠረጴዛ ላይ ብር አትቁጠር።

ሁሉን ነገር በራስ ብቻ ይዞ መዞር

ባልና ሚስት ሆነው አንዱ የሌላውን ሱቅ የማያውቅበት ቤት ሞልቷል። «ላላስጨንቃት ብዬ ነው» ይላል ሰውዬው። ታይፎይድ ይዞት ሁለት ሳምንት ይተኛል። የቤት ኪራዩ ቀን መቼ ነው? አከፋፋዩ ጋ ስንት ዕዳ አለ? የእቁቡ ሰብሳቢ ማነው? ማንም አያውቅም፣ ሱቁም ይዘጋል። የዱቤ ደብተሩ እንኳን ቢገኝ «የሰናፍጯ እናት»፣ «ረጅሙ» ተብሎ የተጻፈውን የሚፈታው ራሱ ብቻ ነው።

አንድ ገጽ ላይ ጻፈው። የአከፋፋዮች ስልክ፣ የሚከፈል ዕዳ፣ የሚሰበሰብ ዕዳ ከነሙሉ ስሙ፣ የኪራይና የእቁብ ቀን፣ የትርፍ ቁልፉ ያለበት። በየወሩ መጀመሪያ አድሰውና ቤት አስቀምጥ። በወር አንድ ቅዳሜ ደግሞ ሚስትህ ወይ የምታምነው ሰው ከጠዋት እስከ ምሳ ሱቁን ይያዝ። አንተ በዚያች ግማሽ ቀን ልጅህን ጸጉር አስቆርጠው፣ እናትህን ጠይቃት፣ ካሻህም ተኛ። ዋጋ የጠፋበት ሰው ደውሎ ይጠይቅሃል።