ሥር በሰደደ ሕመም የሚመጣ ድካምን ለሚያጠኑ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ትዕግሥቴን ከሁሉ በላይ የሚፈታተነው ያለ ማነጻጸሪያ ቡድን የሚካሄድ የሕክምና ሙከራ ነው። ተመራማሪው ድካም የጸናባቸውን ታማሚዎች ይመርጣል፤ ለጥቂት ሳምንታት ቫይታሚን ወይም የአካል እንቅስቃሴ ያዝላቸዋል፤ ከዚያም የመጠይቁ ነጥብ መሻሻሉን አይቶ ሕክምናው ፍቱን ነው ሲል ይደመድማል። ድካም ግን ከፍና ዝቅ የሚል ነገር ነው፤ ሰው ወደ ጥናት የሚገባው በባሰበት ሰሞን ስለሆነ፣ ምንም ሳይሰጠው እንኳ በሚቀጥለው ልኬት ተሽሎት የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። በዚያ ላይ በየሳምንቱ እየደወለ «እንዴት ሰነበቱ?» ለሚል ትሑት ወጣት «ያው ነኝ» ብሎ መመለስ ብዙ ታማሚዎችን ያሳፍራቸዋል።

የኖርዌዮቹን ታሪክ የማነሳው ለዚህ ነው። በበርገን የሚሠሩ የካንሰር ሐኪሞች ሪቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት ሥር የሰደደ የድካም ሕመም (ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድረም) ላለባቸው ሰዎች እንደሚረዳ የሚጠቁም ጥናት በ2011 እ.ኤ.አ. አሳተሙ፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት 15 ሰዎች 10ሩ፣ ማስመሰያ (ፕላሲቦ፣ መድኃኒትነት የሌለው) ከወሰዱት 15 ደግሞ 2ቱ ብቻ መሻሻል አሳይተው ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነውና 151 ታማሚዎችን ያካተተው ሙከራቸው ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት 26 በመቶ፣ ማስመሰያውን ከወሰዱት 35 በመቶ ያህሉ እንደተሻላቸው አሳየ። ማነጻጸሪያው ባይኖር ኖሮ ያ 26 በመቶ የምሥራች ተብሎ በተነገረ ነበር። ተስፋ የጣሉበትን መድኃኒት ራሳቸው ፈትነው ውድቀቱን ማሳተማቸው ሊያስመሰግናቸው ይገባል።

ሁለተኛው ስህተት ድብርትን የድካም መንስኤ አድርጎ ለመፈረጅ መቸኮል ነው። በአገራችን በስፋት የሚሠራበት ፒኤችኪው-9 የተባለው የድብርት መለኪያ መጠይቅ ከዘጠኙ ጥያቄዎቹ አንዱ ስለ ድካም ራሱ፣ ሌሎች ሦስት ደግሞ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎትና ስለ ትኩረት ስለሚጠይቁ፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው አንዳች የኀዘን ስሜት ሳይኖርበት ለድብርት መነሻ ተደርጎ የሚወሰደውን 10 ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። እንዲህ ሆኖ «በድብርትና በድካም መካከል ጠንካራ ተዛምዶ ተገኝቷል» ተብሎ ሲጻፍ፣ ድካም ከድካም ጋር ተነጻጽሮ መገኘቱን ልብ የሚል ፈታኝ ጥቂት ነው። ስሌቱን እነዚያን ጥያቄዎች አስወጥቶ መድገም የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የደም ማነስ ጉዳይ ደግሞ ለደገኛ አገር ተመራማሪ የራሱ ወጥመድ አለው። ከፍታ ሂሞግሎቢንን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ፕሮቲን) ይጨምራል በሚል የዓለም ጤና ድርጅት መጠኑ ከመኖሪያ ከፍታ ጋር እንዲስተካከል ስለሚመክር፣ አዲስ አበባ ላይ 12.3 ግራም በዴሲሊትር የተመዘገበላት ሴት ከማስተካከያው በኋላ ደም ማነስ ካለባቸው ትመደባለች፤ በአንጻሩ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሂሞግሎቢን በዝቅተኛ ቦታ ከሚጠበቀው ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል። እኔ ውጤቱ በሁለቱም መንገድ ተሰልቶ እንዲቀርብ እጠይቃለሁ፤ ከፍታውን ጭራሽ ያልጠቀሰ ጽሑፍ ሲቀርብልኝ ግን ማንበቤን አቆማለሁ። የብረት ክምችትን የሚያመለክተው ፌሪቲንም በብግነት (ኢንፍላሜሽን) ጊዜ ስለሚጨምር፣ ቁጥሩ «ጤናማ» ሆነ ማለት የብረት እጥረት የለም ማለት አይደለም።

አንድ መድኃኒት ለዓመታት ስለታዘዘ ብቻ እንደሚሠራ መቁጠርም የተለመደ ነው። አማንታዲን፣ ሞዳፊኒልና ሜቲልፌኒዴት መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው የነርቭ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ድካም ሲታዘዙ ኖረው፣ በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመ 141 ሰዎችን ባሳተፈ ሙከራ አንዳቸውም ከማስመሰያ አልበለጡም።

እንቅልፍ እንቅልፍ ማለትና ድካም የተለያዩ ስለሆኑ አንዱን በሌላው መጠይቅ አትለኩ። የኩላሊት እጥበት የሚደረግላቸውን ታማሚዎች አንዱን ከእጥበት በፊት፣ ሌላውን እጥበቱ እንዳለቀ መጠየቅም ውጤቱን ያበላሸዋል። ለክትትል ሳይመለሱ የቀሩትን ከስሌት አውጥቶ መቀጠል ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚቀሩት ታክሲ ተሳፍሮ ለመምጣት አቅም ያጡት ናቸውና፣ በስልክ ወይም ቤታቸው ድረስ ሄዶ የመጠየቂያው ወጪ ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ ይያዝ።