ካሽ ፍለጋና ኮረንቲ፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካሽ ሲባል ብር የመሰለው ካለ፣ አይደለም። ጂኦካሺንግ በሚባለው ጨዋታ ካሽ ማለት አንዱ የደበቀው፣ ሌላው በጂፒኤስ ፈልጎ የሚያገኘው ዕቃ ነው። አንዳንዱ የምሳ ዕቃ ያህላል። አንዳንዱ ደግሞ ማግኔት ያለው፣ የጣት ጫፍ የማያክል ነገር ነው።

ጨዋታው እጃችንን አንድ ነገር ያስለምደዋል። እንግዳ ነገር ስታይ ንካው፣ አዙረው፣ ሳበው። የላላ ብሎን? የውሸት ይሆናል። የተንጋደደ ክዳን? ሥሩ ያገኘው ሰው ስሙን የሚጽፍበት ወረቀት ይኖራል። ኤሌክትሪክ ባለበት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የላላው ብሎንና የተንጋደደው ክዳን እጅ መሰብሰቢያ ምልክቶች ናቸው። ቀጥሎ ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ከዚሁ ልማድ ነው።

የስልኩ ቀስት ወደ ኤሌክትሪክ ሳጥን ስለጠቆመ ካሹ እዚያ ነው ማለት

ደህና የሚባል ስልክ እንኳ ሜዳ ላይ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይስታል። ዛፍና ሕንፃ ሲበዛ ይብሳል። ነጥቡን የመዘገበው ደባቂም መሣሪያው ስቶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሲደመሩ 10 ሜትር መዛነፍ ብርቅ አይደለም። በዚያ ክብ ውስጥ ዓይን የሚስበው የትራንስፎርመር ሳጥን ብቻ ከሆነ ሁላችንም ወደ እሱ እንሄዳለን። በዚያ ላይ የስልክ ኮምፓስ ብረት አጠገብ ይቃወሳል።

እኔ አንዴ እንዲህ ዓይነት ሳጥን ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስዞር ቆየሁ። ዕቃው ከኋላዬ ጉቶ ሥር ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላውን ሁሉ ፈልጌ ካጣሁ «አልተገኘም» ብዬ ጽፌ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

«የውሸት ነው» ብሎ መንካት

ደባቂዎች ተንኮለኞች ናቸው። የሶኬት ሽፋን፣ የማከፋፈያ ሳጥን ክዳን፣ የሽቦ ቱቦ አስመስለው ይሠራሉ። የመብረቅ ምልክት ያለበት ተለጣፊ ሳይቀር ይለጥፉበታል። እውነተኛውን ከውሸቱ በዓይን መለየት ከባድ ነው። ስለዚህ በጣት ለመለየት እንሞክራለን፤ አደጋውም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ደረቅ ቆዳ ኮረንቲን በመጠኑ ይገታል። በላብ ወይም በዝናብ ሲርስ ግን መከላከሉ በብዙ እጥፍ ይወርዳል። ወደ 10 ሚሊአምፔር ሲደርስ ጡንቻ ስለሚኮማተር የጨበጡትን መልቀቅ ያቅታል። «ኮረንቲ ያዘው» የሚባለው በከንቱ አይደለም። ከ50 እስከ 100 ሚሊአምፔር ደግሞ የልብን ምት ሊያዛባና ሊገድል ይችላል። ብዙ መስሎ ከታያችሁ፣ የድሮው የ60 ዋት አምፖል በ220 ቮልት ሲበራ 270 ሚሊአምፔር ገደማ ይወስዳል።

የኔ ደንብ አጭር ነው። ቁልፍ ያለበት፣ ሽቦ የሚገባበት፣ የአደጋ ምልክት የተለጠፈበት፣ ወይም ካቻቢቴ የሚጠይቅ ነገር አልነካም። «ቴስተር ይዤ ብሄድስ?» የሚል አይጠፋም። ቴስተሩ አልበራም ማለት ኮረንቲ የለም ማለት አይደለም። ይልቅ ፍንጩን ደግማችሁ አንብቡ። ደባቂውን መጠየቅም ነውር የለውም።

የመብራት ምሰሶን የእግር ሽፋን ማንሳት

በመኪና ማቆሚያ ቦታዎች ምሰሶው እግር ላይ፣ ብሎኖቹን የሚሸፍን ክዳን አለ። ወደ ላይ ሲገፉት ይነሳል፤ ካሽ መደበቂያ ሆኖ በጣም ተለምዷል። ብዙ ጊዜ ምንም አይፈጠርም። ችግሩ የሽቦዎቹ መገጣጠሚያ ከዚያ ቅርብ መሆኑ ነው። የሽቦው ልባስ ተልጦ የመሬት መስመሩም ከተበላሸ፣ ብረቱ ራሱ ኮረንቲ ይይዛል። ብርሃን ለክቶ የሚያበራው መሣሪያ ምሰሶው ጫፍ ላይ ከሆነ ደግሞ፣ መብራቱ በጠፋበት በጠራራ ፀሐይም ታች ያለው ሽቦ ኮረንቲ አለው። ውሻ ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ በዝናብ ቀን ከምሰሶ አርቁት። እሱ ጫማ የለውም።

ወደ ላይ ሳያዩ ዘንግ መዘርጋት

ዛፍ ላይ የተሰቀለ ካሽ ለማውረድ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ወይም የአሉሚኒየም መሰላል የሚይዙ አሉ። ካርቦን ፋይበር ፕላስቲክ ይመስላል እንጂ ኮረንቲ ያስተላልፋል። የከፍተኛ ቮልቴጅ ሽቦ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ራቁቱን ነው። ወፍ ተቀምጣበት የማትሞተው ሽቦው ስለተሸፈነ ሳይሆን፣ አንዱን ሽቦ ብቻ ስለያዘችና መሬት ስላልነካች ነው። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ሳይነኩትም አየሩን ዘልሎ ሊመጣ ይችላል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ እስከ 50,000 ቮልት ላለው መስመር ቢያንስ 3 ሜትር ገደማ መራቅን ይጠይቃል። የዘንጉ ጫፍም ከዚያ ርቀት ውስጥ መግባት የለበትም። ሽቦ አጠገብ ያለ ዛፍ ላይ መውጣትስ? ተዉት።

መቆፈር

መሬት ውስጥ ኬብል ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ በብረት ዘንግ አትውጉ፣ በአካፋም አትቆፍሩ። የጨዋታው ደንብም ያለ መሬቱ ባለቤት ግልጽ ፈቃድ መቆፈርን አይፈቅድም። የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 3 ቀን 2000 በአሜሪካ ኦሪገን የተደበቀው የመጀመሪያው ካሽ በከፊል የተቀበረ ባልዲ ነበር።

ተሯሩጦ መጎተት

ኮረንቲ የያዘውን ጓደኛ ብትነኩት እናንተንም ይይዛችኋል። መጀመሪያ ኮረንቲው ይጥፋ። መንገድ ላይ ባለ መስመር ይህን ማድረግ የሚችለው ባለሙያ ስለሆነ፣ ወዲያው አስቸኳይ እርዳታ ጥሩ። የወደቀ ሽቦ ካያችሁ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ። መሬቱ ራሱ ቮልቴጅ ሊይዝ ስለሚችል፣ እግር አራርቆ መራመድ በሁለቱ እግሮች መካከል ኮረንቲ እንዲያልፍ ያደርጋል። ቅርብ ሳላችሁ ከሆነ ያያችሁት፣ እግራችሁን አጠጋግታችሁ መሬቱን እየፈገፈጋችሁ ውጡ።

ደባቂ ሆኖ ካሽን ኤሌክትሪክ ሳጥን ላይ መለጠፍ

ከሁሉም የከፋ ስህተት የምለው ይህን ነው። የእናንተ ካሽ ሳጥኑን ከውጭ ብቻ ነክቶ ምንም ላያመጣ ይችላል። ያገኘው ልጅ ግን የሚቀጥለውን ሳጥን ሊከፍት ይሞክራል። እንዲህ ያለ ቦታ የለጠፋችሁት ካለ አንሱትና አጥር ጥግ ወይም አግዳሚ ወንበር ሥር አድርጉት። ላዩ ላይ የጨዋታ ዕቃ መሆኑን ጻፉበት። መስመር ሊጠግን የመጣ ሰው ምንነቱ ያልታወቀ ዕቃ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠራው ፖሊስ ነው።